ቁልቁል የተደፋችው አውራ ጣት

አታምነውም ይሻው፣ ጊዮርጊስን አታምነውም፣ አንተው ለራስህ ብትነግረው አንተው ተነሥተህ ውሸታም ትለዋለህ፣ ግን ይኸው ተቀምጠሃል፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ደጀ ሰላሙ እስከ ደፉ ሰው ሞልቶ፣ የጉና ንፋስ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ጆሮህን እየቆረጠ ሲጥለው፣ አገር የሚያህል ጉባኤ ተቀምጦ የሚመክረው ስለ ማዳበሪያ አይደለም፣ ስለ ድንበር አይደለም፣ ስለ አንዲት ጣት ነው። ስለ አውራ ጣት። እሷም የሰው ብትሆን ደግ ነበር። የስልክ ናት። ክንድ የላት ትከሻ የላት፣ ወባ እንደያዘው ሰው ቢጫ ሆና ብቻዋን የቆመች፣ አንዷ ሽቅብ አንዷ ቁልቁል፣ እና ቁልቁሏ ከስልክ ግሩፓችን ትውጣ ወይስ ትቆይ፣ ይኸ ነው ነገሩ፣ ይኸ ሁሉ የመጣውም በእኔ ነው፣ በእኔና በማሩ በቅሎ።

ኤርምያስ ቆሞ ይናገራል። ደብረ ታቦር ስልክ የሚጠግነው ኤርምያስ፣ የግሩፑ አድሚን፣ አድሚን ማለት እኔ እንደገባኝ አጋፋሪ ነው፣ ያስገባል፣ ያስወጣል፣ የተሳደበውን በሩን ይዘጋበታል። በዛሬው አጀንዳ መሠረት ይላል፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች ይላል፣ እዚህ ቤት ውስጥ ተከብሮ የሚያውቅ ሰው ካለ የኔታ መሪጌታ ንዋይ ብቻ ናቸው። ቁልቁሏ ጣት ከመጣች ወዲህ ይላል፣ ሰው ድምፁን ለመላክ እየፈራ ነው፣ ሰውም እየወጣብን ነው፣ አያ ይሻው እንኳ ይኸው ዝም ካሉ ከረሙ። ሁሉም ዞሮ ያየኛል። እኔ ጣራውን አያለሁ። ጣራው ላይ ምንም የለም፣ ግን አንድ ነገር እንዳለ አድርጌ አያለሁ፣ ሦስት አራቱ አብረውኝ ያንጋጥጣሉ።

እኔ ዝም ማለት አላውቅም እኮ። እናቴ ምጥ ይዟት ከሆዷ ውስጥ ሆኜ አዋላጇን አስቄያታለሁ፣ ይኸንንም ማንም አያምነኝም፣ አዋላጇ ምስክር ነበረች፣ ሞተች እንጂ፣ በሳቅ አይደለም። ሠርግ ቢሆን ማኅበር ቢሆን ደቦ ቢሆን ይሻው ካልመጣ አይጀመርም፣ ማጭድ ነክቼ አላውቅም፣ እኔ እያወራሁ እነሱ ያጭዳሉ፣ ጨዋታዬ ሲጥም ማሳው በግማሽ ቀን ያልቃል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በጣም ጥሞ የጎረቤቱንም ማሳ ሳያውቁት አጭደውለት ወጥተዋል። ፊደል አልቆጠርኩም። ምን ይሠራልኛል፣ የሰው ፊት አነባለሁ። እና እመቤቴ፣ ሚስቴ፣ ባሕር ዳር ያለች እህቷ ስልክ ላከችላትና ና እስቲ እዚህች ላይ አውራ አለችኝ። ለማን። ለሁሉም። ሁሉም የት አለ። ውስጡ። እንዲህ ነው የጀመርነው፣ ለአንዲት የእጅ መዳፍ ለማታክል ጥቁር መስተዋት አወራለሁ፣ እመቤቴ በጣቷ ትጫናለች፣ ድምፄ ይበርራል፣ ጉና ላይ ድንች የሚኮተኩተውም፣ ከተማ የገባውም፣ ይፋግ ድረስ የተዳረውም ይሰማዋል፣ የአገር ልጅ ሁሉ አለበት።

የበቅሎዋን ነገር ያን ጊዜ ነው ያወራሁ። ጎረቤቴ ማሩ በቅሎውን ወገቧን አሟት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዳት፣ ይኸ እውነት ነው፣ ቀሪው የእኔ ነው፣ ተቀምጦባት ወረደ፣ ከፍል ውሃው አቆማት፣ እሱ ጥላ ሥር ጋደም አለ፣ ውሃው ዕድሜዋን አጠበው አጠበው፣ ቢነቃ ውርንጭላ ሆናለች፣ አላወቀችውም፣ ማን ነህ ብላ ረገጠችው፣ ምን ያድርግ፣ ተቀምጦባት የወረደውን ዳገት ተሸክሟት ወጣ፣ ትንሽ አብዝቶ ቢተኛ ኖሮ እናቷ ሆድ ትገባ ነበር፣ እናቷን ደግሞ ከየት አባቱ ያመጣታል። ይኸን አወራሁ። እመቤቴ እየሳቀች ተጫነች።

ጣት መጣ። ቁልቁል ቁልቁል ቁልቁል፣ እንደ በረዶ ወረደ፣ ሽቅብም ነበረ ግን ቁልቁሉ ይበዛል፣ እና እኔ ምን አልኩ፣ ሞኙ፣ ፈረሙልኝ አልኩ። ምን ልበል ሌላ፣ የመሬት ደብተር ስንቀበል የቀበሌው ሰው አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ቁልቁል ነው የደፈጠጣት፣ ተስማምቻለሁ ማለት ነው፣ እጄን አንሥቼ ብፈርም በምን ላይ ልፈርም ነው፣ በደመና ላይ። ያልተማረ ሰው ጣት ቁልቁል ካላለች እሺ አትልም። ደስ አለኝ፣ አገሩ ሁሉ በፊርማው አጸደቀኝ አልኳት እመቤቴን፣ እሷ አራተኛ ክፍል ደርሳለች፣ እስቲ አንብቢው አልኳት፣ እኔ ፊደል እንጂ ጣት አላነብም አለች።

ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ኤርምያስ ከሱቁ ብቅ አለና፣ አይዞዎት አያ ይሻው፣ ሰው ሁሉን አይወድም፣ ከቁም ነገር አይቁጠሩት አለኝ። ምኑን። ጣት ደፍተውብዎታል እኮ። ደፍተውልኝ ነው። አይደለም፣ ጠልተውታል ማለት ነው፣ የመጀመሪያው አያ ማሩ ናቸው። ማሩ። የትኛው ማሩ። ስንት ማሩ አለ አለኝ።

እነሆ ማሩ ከወዲያ ማዶ ተቀምጧል፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ መሬት መሬት ያያል። አጥራችን አንድ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው አብሮ ይዞን ጫማችን ተለዋውጦ የኖርን ሰዎች ነን። ማሩ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ነው የሚስቀው፣ ብዙ ሰው አያውቅበትም፣ እኔ ነኝ የማውቅ፣ ሠርግ ላይ መቶ ሰው ቢያወካ እኔ የማየው የማሩን ትከሻ ነው፣ ትከሻው ካልተነሣ መቶው ውሸቱን ነው፣ ለመጠጡ ነው የሚስቀው። ስልኩ ትከሻ የለውም። ይኸን ለኤርምያስ እንዴት ብዬ ልንገረው፣ በአጀንዳው መሠረት ትከሻ ይግባልን ልበል።

ደግሞ ገነት። የማሩ ልጅ፣ ለይፋግ ሰዎች የታጨችው፣ ሕፃን ሆና ስታለቅስ ለማሩ እኔ ነኝ የማባብልለት፣ ሠርግሽ ላይ ሙሽራውን አስቄ ካልጣልኩት ይሻው አትበይኝ ብያታለሁ። ሠርጉ ደርሷል። ማንም አልጠራኝም። ማሩ በመንገድ ሲያየኝ ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ ውሃ ያለበት ቦይ ነው ደግሞ። የይፋግ ሰዎችም ግሩፑ ውስጥ አሉ፣ ሰምተውታል፣ በቅሎ ተሸካሚ ቤተ ዘመድ አንፈልግም ብለው ይሆን፣ በኔ ቀልድ የልጁን ሠርግ አፍርሼበት ይሆን፣ ወይ ቀልዱ ራሱ አልጣመ ይሆን፣ የቱ ይሻላል፣ ከሁለቱ የቱን ልምረጥ፣ ሠርጉን ካፈረስኩ ማሩን አጣሁ፣ ቀልዱ ካልጣመ ራሴን አጣሁ፣ ሁለቱንም ሳላጣ የምወጣበት በር ካለ ማን ዘግቶት ነው።

መሪጌታ ንዋይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ልጆቼ ይላሉ፣ እኔ እስካሁን ቁልቁሏን የሐዘን መስላኝ ነው የኖርኩት። ማለትስ የኔታ ይላል ኤርምያስ። ማለትማ፣ እገሌ አረፈ፣ የእገሌ ተዝካር ነው ተብሎ ሲላክ ሰዉ አውራ ጣቱን ሽቅብ ይሰድዳል፣ ሽቅብ ማለት እሰይ ማለት አይደለምን፣ ነፍስ ይማር ለማለት ቁልቁል ትሻላለች፣ አንገት መድፋት ናት ብዬ ለሞተ ሁሉ እሷን ስሰጥ ኖሬያለሁ። የኔታ፣ እላለሁ በልቤ፣ የኔን ጨዋታስ ማን ሞተ ብለው ነው የደፉበት። ከኋላ ሀብታሙ ይነሣል፣ ይኸ የወፍጮው ሀብታሙ፣ ዱቄት ከቅንድቡ ተለይቶት አያውቅም፣ እኔ ደግሞ ፊርማ መስሎኝ ነው ይላል፣ የጻፈውን ሁሉ ስፈርምለት ነው የከረምኩ። እሰይ፣ አንድ ሰው ይዤያለሁ። ግን ቆይ፣ የኔታ አለቀሱልኝ፣ ሀብታሙ ፈረመልኝ፣ የተማረው ጠላኝ፣ ይኸ ሁሉ በአንዲት ጣት፣ በአንዲት መልክ፣ በአንድ ቢጫ፣ የትኛው የማን እንደሆነ በምን ልለይ፣ የወደደኝን ሰው ተቀይሜ የጠላኝን ሳመሰግን ይሆናል የከረምኩ።

ትውጣ። ትውጣና ሰላም እንሁን። ሰው ጨዋታዬን ካልወደደ ጠላውን ጭልጥ አድርጎ ተነሥቶ ይሂድ፣ ሲሄድ አየዋለሁ፣ ጀርባው ስም አለው፣ ይኸ የእገሌ ጀርባ ነው እላለሁ፣ በማግሥቱ ደጁ ሄጄ ምን አስከፋህ እለዋለሁ። ጣት ምን ብዬ ልጠይቃት፣ ደፍታብኝ ሄደች፣ አፍ የላት። ድሮ አባቶቻችን ዛፍ ሥር ሲፈርዱ እኔ አልተስማማሁም ያለ ሰው ይነሣል፣ ስለምን ይባላል፣ ስለዚህ ይላል፣ ስለዚህ የሌለው ደግሞ ቁጭ በል ይባላል። ጣት ስለምን ስትባል ምን ትላለች። ጣት ናት።

ግን እኮ። ግን ቁልቁሏ ከወጣች ሽቅቧ ብቻ ልትቀር ነው፣ ሁሉም ሽቅብ፣ የማይረባውም ሽቅብ፣ እኔ ባስነጥስ ሽቅብ፣ ያኔ አበድኩ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የሚያረጅ ሳቂታ ሲበዛበት ነው፣ ዝም ያለውስ፣ ወድዶ ነው ዝም ያለ፣ ተኝቶ ነው፣ ካርዱ አልቆበት ነው፣ ሞቶ ነው። እንዲያ ከምሆን ይድፉብኝ። ይድፉብኝና አንገቴን ደፍቼ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ የት ጋ ነው የተበላሸችው፣ ውርንጭላዋ ላይ ነው፣ እናቷ ሆድ ላይ ነው፣ እያልኩ ላገላብጣት፣ እንዲያ ነው እኮ ጨዋታ የሚሻል። እና ትቆይ። ትቆይ ግን የምትደፋ ሰው በድምፁም ይናገር። ይናገር ካልኩ ደግሞ ፈሪው አይናገርም፣ ፈሪው ያችን ጣት ካጣ በምን ይተንፍስ። እመቤቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ እጇን ታነሣለች፣ እኔ ትቆይ ባይ ነኝ ትላለች፣ ይኸ ሰውዬ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ አንዲት እንዲያ ያለች ጣት ባገኝ ስንቴ በደፋሁበት ነበር። ቤቱ ይስቃል። የሚስቁት በኔ ነው። ጥሩ ነው ደግሞ፣ የታባቷ፣ ከኔ የተማረችው ነው።

ኤርምያስ ያጨበጭባል። ድምፅ እንስጥ። ትውጣ የምትሉ አውራ ጣታችሁን ቁልቁል፣ ትቆይ የምትሉ ሽቅብ። ይኸን ሲል እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። የኔታ አውራ ጣታቸውን አውጥተው ያዩዋታል፣ ልጄ ኤርምያስ፣ ትውጣ ለማለት ቁልቁል ላድርጋት። አዎ የኔታ። ቁልቁል ካደረግኋት ተጠቀምኩባት። አዎ። ከተጠቀምኩባት ትጠቅማለች ማለት ነው፣ ከጠቀመች ለምን ትወጣለች። ሀብታሙ ቁልቁል አድርጎ እኔ ፈርሜያለሁ ይላል፣ ምኑን ፈረምክ ይሉታል፣ ትቆይ ያለውን፣ ማን ነው ትቆይ ያለው፣ ማንም ይበለው እኔ ፈርሜያለሁ። አንዱ ሁለቱንም ጣቱን፣ አንዷን ወደ ላይ አንዷን ወደ ታች። አንዲት አሮጊት የቡራኬ መስሏቸው ያማትባሉ። እኔ የራሴን ጣት አያለሁ፣ ወደ ጎን ተኝታለች፣ እሷም ግራ ገብቷት።

ማሩ ምንም አላነሣም። ሁለቱም እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። ሰው በጠላት ላይ እንኳ ድምፅ ይሰጣል።

እነሣለሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ጉልበቴ ነው የተነሣው፣ ሰዉ ጨዋታ መጣ ብሎ አፉን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፣ የለኝም፣ ባዶ ነኝ። ማሩ፣ እላለሁ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ነው፣ የበቅሎዋን ነገር ስለምን ደፋህብኝ። ማሩ ቀና ይላል። ማን፣ እኔ። አንተ። እኔ ደፋሁብህ። አንተ ነህ የመጀመሪያው። በቁርባኔ ይላል፣ ሽቅብ ነው ያደረግሁልህ፣ ከሳቄ የተነሣ ዓለሚቱ ምን ነካው ብላ ሰው ጠርታብኛለች፣ አይደለም ዓለሚቱ። ሚስቱ ዓለሚቱ ከሴቶቹ በኩል አዎ ትላለች፣ የሚጥል ይዞት መስሎኝ ክብሪት ጭሬበታለሁ። ኤርምያስ በራሱ ስልክ ያሳየዋል፣ ይኸው አያ ማሩ፣ ስምዎ ከቁልቁሏ ጋር ነው። ውሸት ነው ይላል ማሩ፣ ያንተ ስልክ ውሸታም ነው፣ የኔ እዚሁ አለ፣ እናያለን።

ጋቢውን ይገልጣል። ስልኩን ዓለሚቱ በሰፋችለት ከረጢት አድርጎ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏታል፣ ከማተቡ ጋር፣ እንዳትወድቅበት፣ ሲያርስም አያወልቃትም፣ ሲፈልጋት ታችኛውን ጫፏን ይዞ ወደ ዓይኑ ሽቅብ ቀና ያደርጋታል። እንዲያ ያደርጋታል አሁንም። ይጫናል፣ ይፈልጋል፣ ይኸው። ሄጄ ከጎኑ ቆሜ አንገቴን አሰግጋለሁ። ሽቅብ ናት። ሽቅብ ናት እላለሁ፣ ድምፄ ተመለሰ። ኤርምያስ ከፊቱ ቆሞ ያያል፣ ቁልቁል ናት ይላል። ሽቅብ ናት። ቁልቁል ናት አያ ይሻው። አንተ ልጅ ዓይንህን ጥረግ። እርስዎ ይጥረጉ። ሀብታሙ ይመጣል፣ በኔ በኩል ቆሞ ሽቅብ ይላል፣ በኤርምያስ በኩል ዞሮ ቁልቁል ይላል፣ ተመልሶ ይዞራል፣ ሽቅብ፣ የሰይጣን ሥራ ነው ይላል። የኔታ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ከማሩ ጎን ጎንበስ ይላሉ፣ ጣቷስ ሽቅብ ናት ይላሉ፣ ፊደሉ ግን ሁሉ በአናቱ ቆሟል፣ ማሩ ልጄ፣ ስልክህን ዘቅዝቀህ ነው የምታያት።

ዘቅዝቄ ይላል ማሩ። ከአንገትህ አውልቃት። ያወልቃታል፣ ያዞራታል፣ ጣቷ ከዓይናችን ሥር ተገልብጣ ቁልቁል ትሆናለች። እኔ ማመን አልፈልግም፣ ፎቶ ሲላክልህስ እለዋለሁ፣ ሰዉ ሁሉ በጭንቅላቱ አይቆምብህም ወይ። ይቆማል። እና። የከተማ ሰው ፎቶ ሲነሣ እንዲያ የሚሆን መስሎኝ ነዋ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ፣ አያውቅም እንዲሉኝ። እና ትከሻው፣ ትከሻውን አያለሁ፣ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ ጋቢው ሊወድቅ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ማሩ እየሳቀ ነው፣ ቤቱ ተናወጠ፣ እኔ ግን የማየው ያችን ትከሻ ነው፣ ሳላወራ አሳቅሁት፣ ወይስ እሱ ነው ያሳቀኝ፣ ማን ማንን፣ አሁንም አልገባኝም፣ ከነጭራሹ ምንም አልገባኝም፣ ግን ሞቆኛል።

እና ስለምን ትሸሸኛለህ ታዲያ፣ ሠርጉስ፣ ለምን አልጠራኸኝም። የማሩ ትከሻ ይቆማል። ምን ብዬ ልጥራህ ይላል፣ አፍሬህ ነው እንጂ፣ የይፋግ ሰዎች ቀኑን ቆርጠው በዚሁ በስልኩ ላኩልኝ፣ ይስማማችኋል ወይ አሉ፣ እሺ ብዬ በጣት መለስኩላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ፣ ምን እንደበደልናቸው ሳስብ ውዬ ሳስብ አድራለሁ። በየትኛው ጣት ይላል ኤርምያስ ቀስ ብሎ። በዚችው በሽቅቧ። የኔታ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እኔ አንድ ነገር ልል አፌን እከፍታለሁ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ፣ ዓለሚቱ ቀድማኝ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ትላለች፣ እንግዲያ እምቢ ያልናቸው እኛ ነና፣ እኔ እኮ ጌሾውን ወቅጬ ጨርሻለሁ።